ትንሿን ካሜራ አታስጥሏት፦ ለአንድ የካሜራ ምክር የተሰጠ ምላሽ

የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ሐረር ትሄዳለች። ሥራ ከያዘች ሁለት ዓመት ሆናት። ከደመወዟ እየቆነጠረች ለካሜራ የሚሆን ገንዘብ አጠራቅማለች። ባለፈው እሑድ ቤት መጥታ ቡና እየጠጣን፣ «ጋሼ፣ ካሜራውን ትቼዋለሁ» አለችኝ። ደነገጥኩ። ምነው ስላት ስልኳን አውጥታ አንድ ጽሑፍ አስነበበችኝ።

ጽሑፉን የጻፈው ለብዙ ዓመት ሠርግ ያነሳ ባለሙያ ነው። የጻፈው ደግሞ ለጉዞና ለዕለት ተዕለት ፎቶ የትኛው ካሜራ ይሻላል ብለው ለሚጠይቁ ጀማሪዎች ነው። ምክሩ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ሴንሰሩ፣ ማለት ብርሃን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል፣ ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቁ መጠን ያልሆነ ካሜራ መጫወቻ ነው። ትንሽ ሴንሰር ጨለማ ውስጥ አይሠራም። አንድ ኤፍ 2.8 የሆነ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው)፣ ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ዙም ሌንስ ካለህ ሌላ ሌንስ አያሻህም፤ ክብደቱንም ትለምደዋለህ። ከ40 ሜጋፒክስል በታች ጊዜው አልፎበታል። ትንንሾቹ ሚረርለሶች፣ ውስጣቸው መስታወት የሌለባቸው ካሜራዎች፣ ባትሪ ስለማይዙ ከከተማ ስትወጣ ጉድ ይሠሩሃል። ትንሽ ካሜራ የያዘን ሰው ደግሞ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ስለዚህ ወይ ገንዘብህ እስኪሞላ ጠብቅ፣ ወይ በስልክህ አንሳ። መሀል ላይ ያለው ሁሉ ኪሳራ ነው።

ሰውየውን በሙያው አከብረዋለሁ። ያነሳቸውን ሠርጎች አይቻለሁ፤ ያምራሉ። ምክሩ ግን የሠርግ ሰው ምክር ነው። ሠርግ ላይ መኪና አለ፣ ረዳት አለ፣ ቦርሳ የሚጠብቅ ሰው አለ። መንገደኛ እነዚህ የሉትም። ልጅቷ ይሄን አምና ሐረርን ያለ ካሜራ አይታ ብትመለስ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ።

በሴንሰሩ ልጀምር። ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው በግምት 23.5 በ15.6 ነው። ትንንሾቹ ፉጂፊልሞችና የሶኒ ኤ6000 ቤተሰብ የያዙት ይሄንን ነው። ኦሊምፐስና ፓናሶኒክ ያመጡት ማይክሮ ፎር ቴርድስ ደግሞ 17.3 በ13 ነው። ጸሐፊው «ፉል» የሚለውን ቃል ይዞ የቀረው ሁሉ ጎዶሎ ነው ወደ ማለት ሄደ። ቃሉ የመጣው ግን ከድሮው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው እንጂ ከምሉዕነት አይደለም።

ታሪኩ ራሱ ለኔ ነው የሚመሰክረው። ኦስካር ባርናክ የሚባል ጀርመናዊ በቬትስላር ከተማ ሌይትስ በተባለው ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። አስም ነበረበት። የዘመኑ ካሜራ ከመስታወት ሳህኑና ከትሪፖዱ ጋር ከባድ ሸክም ነው። እሱ ደግሞ ሽርሽር ሲወጣ ፎቶ ማንሳት ይወዳል። ስለዚህ የሲኒማ ፊልም ወሰደ፣ የሲኒማውን 18 በ24 ፍሬም እጥፍ አደረገና 24 በ36 የምታነሳ ትንሽ ካሜራ ሠራ። እሷም በ1925 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ላይካ ተብላ ላይፕሲግ ላይ ለገበያ ቀረበች። በዚያን ጊዜ 24 በ36 «ሚኒየቸር» ነበር የሚባለው። ዛሬ ፉል ብለን የምናከብረው መጠን የተወለደው አንድ መንገደኛ ሸክም ስለበዛበት ነው።

በፈረንጆቹ 2008 ፓናሶኒክ ጂ1 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣም ሐሳቡ ያው ነበር። ከውስጥ መስታወቱን አወጡት፣ ካሜራው ቀጠነ። ሚረርለስ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው።

ልዩነት የለም አልልም። የፉል ፍሬም ስፋት 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። የማይክሮ ፎር ቴርድስ 225 ነው። አራት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። የጨለማው ክስ የሚነሳውም ከዚህ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልቆይ፤ የእህቴን ልጅ ያስፈራት በተለይ እሱ ነውና።

ጸሐፊው ያወዳደረው ሴንሰርን ከሴንሰር ብቻ ነው። ብርሃን ግን መጀመሪያ የሚያልፈው በሌንስ ነው። እሱ የሚመክረው ዙም ቢበዛ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 2.8 ነው። እኔ በማይክሮ ፎር ቴርድስ ካሜራዬ ላይ የምይዘው የኦሊምፐስ 17 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 1.8 ነው። ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 2.8 ይልቅ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ 2.4 እጥፍ ያህል ብርሃን ያሳርፋል። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። አራት እጥፍ ሲባል የነበረው ብልጫ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ወረደ። በካሜራ ሰዎች አነጋገር (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው) ሁለት ስቶፕ የነበረው ከአንድ ስቶፕ በታች ሆነ። ለዚህች ልዩነት ነው ልጅቷ ዓመታት እንድትጠብቅ የተነገራት።

ፉል ፍሬሙ ላይም ኤፍ 1.8 ሌንስ ቢገጠምስ? ያኔ ብልጫው ይመለሳል፤ አልክድም። ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ሐረር ውስጥ አንድ የጥንት የሐረሪ ቤት ገባችሁ እንበል። መደቡ ቀይ ነው፣ ግድግዳው በስፌት ያጌጠ ነው፣ ብርሃኑ የሚገባው በበር ብቻ ነው። እናትየው ከፊት፣ ሴት ልጇ ከኋላዋ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። በፉል ፍሬም ኤፍ 1.8 ብታነሱ የእናትየው ዓይን ቁልጭ ይላል፣ የልጅቷ ፊት ይደበዝዛል። ሁለቱም እንዲጠሩ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 3.5 አካባቢ ማጥበብ አለባችሁ። ያኔ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ አይኤስኦውን፣ ማለት ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን፣ አራት እጥፍ ከፍ ታደርጋላችሁ። ትንሹ ሴንሰር ግን በኤፍ 1.8 ሁለቱንም እዚያው ይይዛቸዋል። የጉዞ ፎቶ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ሰውየውንም ቤቱንም ነው የምንፈልገው።

ሌላው ማረጋጊያው ነው። ካሜራዬ ሴንሰሩን እያንቀሳቀሰ የእጄን መንቀጥቀጥ ይቀንስልኛል። ላሊበላ ቤተ ማርያም ውስጥ የጣሪያውን ሥዕል በሰከንድ አንድ ስምንተኛ፣ በእጄ ይዤ አንስቼዋለሁ። ፍላሽ እዚያ ነውር ነው፤ ለሥዕሉም ጥሩ አይደለም፤ የሚጸልይ ሰው ዓይን ላይ ማብረቅም አይገባም። ማረጋጊያ የሚረዳው የማይንቀሳቀስ ነገር ሲሆን ብቻ መሆኑን ግን እወቁ። ሰው ሲራመድ፣ ካህን ሲወርብ፣ ሹተሩ፣ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ከሰከንድ አንድ መቶኛ በላይ መፍጠን አለበት።

የእህቴ ልጅ የጠየቀችኝ ስለ ሐረር ጅቦች ነው። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲያበሉ ያለው ብርሃን የመኪና መብራት ነው። እዚያ በአይኤስኦ 6400፣ በኤፍ 1.8፣ በሰከንድ አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ያነሳሁት ፎቶ አለኝ። ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። 30 ሳንቲ ሜትር አድርጌ አሳትሜው ሳሎን ተሰቅሏል። ቤት የመጣ ሰው ስለ ጅቡ ጥርስ ነው የሚያወራው። ስለ አሸዋው እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

ከሴንሰር በላይ እኛን የሚያስቸግር ነገር ደግሞ አለ፤ ጽሑፉ ጭራሽ አልነካውም። ነጭ ነጠላ ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ የመሳብ ጠባይ አለው። ጃን ሜዳ ጥምቀት ላይ ፊታችሁ ያለው ሕዝብ ነጭ በነጭ ሲሆን ካሜራው ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልመዋል። የነጠላው ንጣት ይቆሽሻል፣ የሰዉ ፊት ይጠፋል። መድኃኒቱ የካሜራውን የብርሃን ማካካሻ ወደ መደመር፣ ከ0.7 እስከ 1 ድረስ ማዞር ነው። ጥለቱና ነጩ እንዳይቃጠል ደግሞ በራው፣ ማለት ካሜራው ሳይነካካው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ ማንሳት። በሚረርለስ ይሄን ሳትተኩሱ በፊት በመመልከቻው ውስጥ ታዩታላችሁ። ፊቱ ሲፈካ፣ ነጩ ሲቃጠል፣ ሁሉም ፊት ለፊት ይታያል። ይሄ ጥቅም በትንሿ ካሜራም በትልቁም እኩል ነው። በየዓመቱ በዓል ላይ የሚበላሹት ፎቶዎች አብዛኞቹ የተበላሹት በዚህ እንጂ በሴንሰር ማነስ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ክብደቱ። ትለምደዋለህ ይላል። እኔ አልለመድኩትም።

ከዓመታት በፊት ፉል ፍሬምና 24-70 ዙም ነበረኝ። ላሊበላ ይዤው ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ወደ አሸተን ማርያም በእግር ወጣን። ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አሸተን ከዚያ በላይ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ማንገቻው አንገቴን ቆረጠኝ። ወደ ትከሻ አዞርኩት፤ በየዳገቱ እየተወዛወዘ ጎኔን ይመታኛል። ወደ ቦርሳ ከተትኩት፤ ከዚያ በኋላ አንድም ፎቶ አላነሳሁም። በቅሎ የሚጎትተው ልጅ፣ «ጋሼ፣ እኔ ልያዝልዎት?» አለኝና ሰጠሁት። ካሜራዬ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ተራራ ወጣ።

በማግስቱ ሆቴል ተውኩት። ደክሞኝ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ቅዳሴ ወጥቶ ምእመኑ ከቤተ መድኃኔ ዓለም ሲወጣ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ነበር። አንዲት አሮጊት የዓለቱን ግድግዳ ስመው ግንባራቸውን አስደግፈው ቆዩ። ብርሃኑ በነጠላቸው ውስጥ አልፎ ግድግዳው ላይ አርፏል። ካሜራዬ አልጋ ላይ ነው። ያንን ፎቶ የለኝም። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ቁጥሩን ላስቀምጠው። ፉል ፍሬሙ የሶኒ ኤ7 አራተኛው ትውልድ ከባትሪው ጋር 658 ግራም ነው። የመጀመሪያው የሶኒ ጂኤም 24-70 ኤፍ 2.8 ሌንስ 886 ግራም ነው። አንድ ላይ ከአንድ ኪሎ ተኩል ያልፋል። አሁን የምይዘው ኦሊምፐስ ኢ-ኤም10 ማርክ 4 ደግሞ 383 ግራም ነው። 17 ሚሊ ሜትር ሌንሱ 120 ግራም። ለሰው ፊት የማልለየው 45 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ 116 ግራም። ሩቅ ለማንሳት 40-150 የሚሄደው ዙም 190 ግራም። ካሜራውም ሦስቱም ሌንስ ተደምረው 809 ግራም ናቸው። የዚያ የአንዱ ዙም ሌንስ ክብደት እንኳ አልሞሉም።

ያቺ 190 ግራም ሌንስ በፉል ፍሬም ሲሰላ እስከ 300 ሚሊ ሜትር ትደርሳለች። ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳ ያነሳሁት በእሷ ነው። ጸሐፊው አንድ ይበቃል የሚለው ዙም 70 ላይ ያቆማል።

ትግራይ ገርዓልታ ውስጥ ዓለት ላይ ወዳለው የአቡነ የማታ ጎህ ቤተ ክርስቲያን የወጣ ሰው ደግሞ እኔን ይረዳኛል። ጫማ አውልቆ፣ ዓለቱን በእጅም በእግርም እየቧጠጡ ነው የሚወጣው። ሁለት እጅ ነፃ መሆን አለበት። ደረት ላይ የሚንጠለጠል አንድ ኪሎ ተኩል ብረት እዚያ ላይ አደጋ ነው።

ጸሐፊውን ላለመበደል አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ትናንሽ ፉል ፍሬሞችም አሉ። ሶኒ ኤ7ሲ ሁለተኛው 514 ግራም ነው። 40 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.5 ሌንሱ 173 ግራም። ይሄ ለጉዞ ጥሩ ነው። አቅሙ ያለው ሰው ቢገዛው ደስ ይለኛል። ግን ጽሑፉ የመከረው ይሄንን አይደለም፤ ከባዱን ዙም ነው።

አቅም ካልን፣ ኤ7 አራተኛው ሲወጣ ዋጋው 2,500 ዶላር ነበር። ጂኤም ዙሙ ሲወጣ 2,200 ዶላር። ኢ-ኤም10 ማርክ 4 ያለ ሌንስ 700 ዶላር ነበር የወጣው። ለአንዲት ወጣት ሠራተኛ 4,700 ዶላር ጠብቂ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። እስክታገኘው ድረስ ስንት ጥምቀት፣ ስንት ሠርግ፣ ስንት የአያት ፊት ያልፋል?

የሜጋፒክስሉን ባጭሩ ልለፈው። ኤ4 ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ ለመታተም 9 ሜጋፒክስል አካባቢ ይበቃል። ፎርኬ የሚባለው ቴሌቪዥን ራሱ 8.3 ሜጋፒክስል ነው። 20 ሜጋፒክስል ያላት ካሜራ በጥሩ ኅትመት 44 በ33 ሳንቲ ሜትር ትሰጣችኋለች። ቢልቦርድ የምታሠሩ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ባትሪው ላይ እውነት አለው። ትናንሽ ሚረርለሶች ባለ መስታወት ከሆነው ከዲኤስኤልአር ያነሰ ነው የሚይዙት። በአምራቾቹ መለኪያ የእኔዋ በአንድ ሙሌት 360 ፎቶ አካባቢ ታነሳለች፣ ኒኮን ዲ7500 ደግሞ 950 ያነሳል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን ለዚህ መድኃኒቱ ካሜራ መለወጥ አይደለም። ሁለት ትርፍ ባትሪ ጃኬት ኪስ ውስጥ ይገባል። ካሜራዋ በዩኤስቢ ገመድ ስለምትሞላ ስልኬን የማስሞላበት ፓወርባንክ ለእሷም ይሆናል። መብራት በጠፋበት ከተማ ሦስት ቀን ቆይቼ ፎቶ አላቋረጥኩም። ማታ ማታ ፓወርባንኩ ላይ ትተኛለች፣ ጠዋት ትነሳለች። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ትርፍ ባትሪ ሁልጊዜ ከእጃችሁ ሻንጣ ውስጥ ይሁን። ጭነት ውስጥ ማስገባት አይፈቀድም። ጫፎቻቸውንም በፕላስተር ሸፍኗቸው።

ስለ መከበር ያለው ከሁሉም በላይ አላስማማኝም። ትልቅ ካሜራ ይዤ መርካቶ ስገባ የሚጠይቁኝ «የየትኛው ቴሌቪዥን ነህ?» እያሉ ነው። ሰዉ ይጠነቀቃል፣ ልብሱን ያስተካክላል፣ ወይም ፊቱን ያዞራል። ይሄ ለሠርግ ክብር ሊሆን ይችላል። በመንገድ ላይ ግን አጥር ነው። ትንሿን ስይዝ መጀመሪያ ሰላምታ አለ፣ ወሬ አለ። ከዚያ «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» እላለሁ። እምቢ ካሉኝ አላነሳም። እሺ ካሉኝ አንስቼ በስክሪኑ አሳያቸዋለሁ። ከሰው ፊት የሚያከብራችሁ አጠያየቃችሁ ነው። የካሜራ መጠን እዚያ ውስጥ ምንም ቦታ የለውም።

ድምፅ አልባው ሹተርም ትልቅ ነገር ነው። ቅዳሴ መሀል ቀጭ ቀጭ የሚል ካሜራ ይረብሻል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ድምፅ አልባ ስታደርጉ በአምፖል ብርሃን ፎቶው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ሊወጣ ይችላል። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሉ በሰከንድ መቶ ጊዜ ይርገበገባል። ሹተሩን በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ወይም አንድ መቶኛ ላይ ብታደርጉት መስመሩ ይጠፋል። እኔ ይሄን ሳላውቅ የአንድ ክርስትና ፎቶ ግማሹ ተበላሽቶብኛል።

ስልክ ወይም ፉል ፍሬም፣ መሀሉ ኪሳራ ነው የሚለው ይቀረኛል። ስልክ ቀን በፀሐይ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ሲሆን ግሩም ነው። እኔም አነሳበታለሁ። ችግሩ ሦስት ቦታ ላይ ነው። ሩቅ ያለ ነገር ሲሆን አብዛኛው ስልክ ያለውን ፎቶ ቆርጦ ማጉላት ይጀምራል። ጨለማ ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ ይቀባባል። ሦስተኛው ኋላውን አደብዝዞ የሰውን ፊት ሲያወጣ ነው። ስልኩ ይሄን የሚያደርገው በሶፍትዌር ገምቶ ነው። ጎፈሬ ያላትን ልጅ አንሱና ጠርዙን እዩት። ፀጉሯን በመቀስ የከረከመው ይመስላል። የነጠላ ዘርፍ ጭራሽ ይጠፋል። 45 ሚሊ ሜትሯ ሌንስ አትገምትም። እያንዳንዱን ክር ባለበት ታስቀምጠዋለች። እንግዲህ መሀል ላይ ያለው ይሄ ነው፤ ከስልክ የሚበልጥ፣ ከሸክም የሚያንስ።

በሁለት ነገር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ሠርግ ወይም ሌላ የማይደገም ሥራ በክፍያ የሚያነሳ ሰው ሁለት ሚሞሪ ካርድ የሚይዝ ካሜራ ያስፈልገዋል። አንዱ ካርድ ቢበላሽ የሰው ትዝታ እንዳይጠፋ። የእኔዋ አንድ ብቻ ነው የምትይዘው። ሁለተኛ፣ ከትንሽ ካሜራ ጋር በካርቶን አብሮ የሚመጣው ዙም ማታ ደካማ ነው። ሲረዝም ኤፍ 5.6 ይሆናል። ከኤፍ 1.8 ጋር ሲተያይ የሚያስገባው ብርሃን አንድ አስረኛ ነው። ብዙ ሰው ትንሽ ሴንሰር አይረባም የሚለው በዚህ ሌንስ ማታ ሞክሮ ይመስለኛል። ቀን ግን ደህና ነው፤ የሐረርን ጠባብ መንገዶች ሰፋ አድርጎ ለማየትም ይጠቅማል። ስለዚህ አትጣሉት። ከጎኑ አንድ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ጨምሩበት። ገንዘባችሁ የሚገባው እዚያ ነው።

የእህቴን ልጅ ምን ልግዛ ስትለኝ ማርካ አልመረጥኩላትም። መጀመሪያ ሌንስ የሚያውስሽ ሰው ማን አለ አልኳት። ሌንስ በየሱቁ በማይገኝበት ከተማ ከጓደኛ መዋዋስ ትልቅ ነገር ነው። ጓደኞቿ ሶኒ ከያዙ ሶኒ ትግዛ። ፉጂ ከያዙ ፉጂ። እሷ ያላት እኔን ነው፣ እኔ ደግሞ ማይክሮ ፎር ቴርድስ ነኝ። ቀጥሎ ዓይን የሚያስጠጉበት መመልከቻ ይኑረው አልኳት። በቀትር ፀሐይ ስክሪን አይታይም። ፉጂ ኤክስ-ኤም5 355 ግራም ብቻ ናት፣ ታምራለች፣ ግን መመልከቻ የላትም። እዚህ አገር ፀሐይ ላይ እኔ አልመክራትም።

ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም። ግን ፈትሹ። ሌንሱን ጠባብ አድርጋችሁ፣ ኤፍ 16 አካባቢ፣ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሱ። ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። ሌንሱ ውስጥ የስልክ መብራት አብርታችሁ እዩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ተዉት። ባትሪው ያበጠ እንደሆነ በጣት ዳብሱት። ከሁሉ በፊት ግን ሜኑውን ክፈቱ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙዎቹ የሶኒ ካሜራዎች ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የላቸውም። አንድ የማውቀው ሰው በርካሽ አገኘሁ ብሎ ገዝቶ እስካሁን ሰዓቱን እንኳ አላስተካከለም።

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ያገለገለ ኢ-ኤም10 አብረን ልናይ ቀጠሮ ይዘናል። ፍተሻውን ካለፈ ትወስደዋለች። 17ቱን ሌንስ ለጅቦቹ፣ 45ቱን ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ለሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች አውሳታለሁ። ሁለቱንም ዛሬ ጠርጌ ካልሲ ውስጥ ከትቼ አስቀምጬላታለሁ።